የጋሽ ከበበው የአርብ ስህተት

ጋሽ ከበበው እዚህ ቤት ሥራ ሊጀምር የመጣ ቀን የድርጅታችን ባለቤት ሐጂ ጀማሉዲን በጓሮ በር ወጥተው አመለጡ። ሐጂ፣ አይቆጡኝ፤ ዛሬ እውነት የሚወራበት ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ያን ጊዜም እንደ አሁኑ መግቢያው ላይ ነኝ። ስልክ አነሳለሁ፣ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ የማን ፍሪጅ የት ሰፈር እንደተበላሸ ለቴክኒሻኖቻችን እነግራለሁ። ጠዋት ላይ አንድ ሰው ገባ። ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ የተወለወለ ጫማ፣ በእጁ ጥቁር ቦርሳ። «እንደምን አደሩ፣ ምን ልታዘዝ?» አልኩት። «እህ» አለ። «ማንን ፈልገው ነው?» «ባለቤቱን።» ብሎ ቁጭ አለ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል የለም። እኔ ከረባቱን አየሁ፣ ቦርሳውን አየሁ፣ ዝምታውን አየሁና ወደ ውስጥ ሮጥኩ። «ሐጂ፣ ከግብር የመጣ ሰው ነው መሰለኝ።» ሐጂ «የለም በይው» አሉና በጓሮ በኩል ውልቅ!

ሰውየው ግን አይሄድም። ሻይ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ደገምኩት፣ ጠጣ። ሐጂ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ሆነው አሁንም አሁንም ይደውላሉ።

«ሄደ?»

«አልሄደም ሐጂ።»

«ምን አለ?»

«እህ አለ።»

«እህ ማለት ምን ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ሐጂ!»

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሐጂ በስልክ ቱግ አሉ፤ ጩኸታቸው ሰውየው ድረስ ይሰማል። «ለመሆኑ ዛሬ ይጀምራል የተባለው የፍሪጅ ቴክኒሻን የት ቀረ? ገና በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ከሆነ እኮ…» ብለው ሳይጨርሱ ሰውየው ቦርሳውን ከፈተ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ በንጹህ ጨርቅ የተጠቀለለ የጋዝ መለኪያ። ክው አልኩ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «አልጠየቅሽኝም» አለ።

ሳቁ፣ ሳቁ። ብቻ ያቺን «እህ» እንዳትረሷት። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በእሷ ምክንያት ነው። ደግሞ አንድ ነገር አደራ፣ ፊታችሁ ያለውን ለስላሳ ገና አትክፈቱት፤ አትንኩትም። ምክንያቱን እደርስበታለሁ። ሁንዴሳ፣ እጅህን ሰብስብ፣ አይቼሃለሁ።

ሐጂ ከሳምንት በፊት ጠርተውኝ «ሐሚዳ፣ አንቺ ወሬ ታውቂበታለሽ፣ ከበበውን በደንብ አድርገሽ ሸኚልን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ያን ጊዜ ልሸኘው ነበር። አሁን ግን ልከራከረው ነው የቆምኩት።

ለእንግዶቻችን ላስረዳ። ጋሽ ከበበው ቴሌግራም ላይ «የአርብ ስህተት» የሚባል ቻናል አለው። በየአርቡ፣ በሳምንቱ ውስጥ ሥራ ላይ የተሳሳተውን ይጽፋል። እዚህ አገር ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ጉብዝናውን ሊያሳይ ነው፤ የእኛው ደግሞ ያበላሸውን ይዞ ይወጣል። ባለፈው አርብ የጻፈው አጭር ነበር፣ ይኸውላችሁ፦ «ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው አርብ ጡረታ እወጣለሁ። ካቻቢቴ ካላነሳሁ አልሳሳትም፤ ካልተሳሳትኩ የምጽፈው አይኖረኝም። ስለዚህ በዚያው ዕለት ማታ ቻናሉን እዘጋዋለሁ። ስላነበባችሁኝ አመሰግናለሁ።»

የሚቀጥለው አርብ ማለት ዛሬ ነው። ማታ ማለት ደግሞ ይኸው እየመጣ ነው።

ያንን በጻፈ በማግስቱ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ አፀደ ናት። ባለቤቱ፣ ያቻትና አጠገቡ የተቀመጠችው፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የምትስቀው። እንዴት አደርሽ እንኳ አላለችኝም። «ሐሚዳ፣ እህ ተመልሳ መጣች» አለችኝ። «የቷ እህ?» አልኳት፣ ልቤ እያወቀ። «ያቺው ናታ! ራት ላይ ምን ሆነሃል እለዋለሁ፣ እህ። ወጥ ልጨምርልህ፣ እህ። ያ የሚጽፍበት ነገር ሲዘጋ እኔ ከማን ጋር ነው የምኖረው?» አለች። ቀልድ አልነበረም።

እንግዲህ ጉዳዬ ይኼው ነው። መጀመሪያ ግን የምከራከረው ከምን ዓይነት ሰው ጋር እንደሆነ ይታወቅልኝ።

ጋሽ ከበበው ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። አውልቅ ያለው የለም። ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን ያወልቃል። ሀና ማርያም አንድ ቤት ውሻ አንዱን ጫማ ይዞበት ሄዶ በአንድ ጫማና በአንድ የቤት ጫማ ተመልሷል፤ የመጣበትን ታክሲ ረዳት ስሜን ጠርቶ ሲከራከር በዓይኔ አይቻለሁ፤ «ሐሚዳን ጠይቃት፣ እብድ አይደለሁም» እያለ። ፍሪጅ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። እዚያ ሆኖ የሚቆየው ነገር አያልቅም። አንዲት ደንበኛ ደውላ «እህቴ፣ የላካችሁት ሰውዬ ፍሪጄ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል» ብላኛለች። ምግብ ቢያቀርቡለት አይበላም፣ ውኃ ብቻ። ስልክ ሲደወልለት ደግሞ «እህ» ብሎ ያነሳል፣ «እህ» ብሎ ይዘጋል። ከዚያ ደንበኛው መልሶ ለእኔ ይደውላል። «ተቆጥተውኛል እንዴ?» ይለኛል። «አይ፣ እየመጣሁ ነው ማለቱ ነው» እላለሁ። ለዓመታት አስተርጓሚው ነበርኩ፤ ሐጂ ግን በዚህ ሥራ ደመወዝ ጨምረውልኝ አያውቁም።

አሁን ወደ ድስቱ ታሪክ እንምጣ፤ ቻናሉ የተወለደው ከእሱ ነው።

ፉሪ፣ አዲስ የተሠራ ቤት። ጫልቱ የምትባል ደንበኛ ፍሪጇ አላቀዘቅዝ ብሎ ደወለች። ጋሽ ከበበው ሄደ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ ጋዝ ቀንሷል አለ፣ ሞላ፣ ቀዘቀዘ፣ መጣ። በማግስቱ ጫልቱ ደወለች፤ ያው ነው። ተመልሶ ሄደ፣ ቴርሞስታቱን ቀየረ፣ ቀዘቀዘ፣ መጣ። ደግማ ደወለች፤ ያው ነው! እንግዲህ ሰውየው ሥራ ላይ እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም። ሳይነግራት ሄደ። ሲደርስ ከምሳ የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ እያስገባች ነበር። አንድ ትልቅ ድስት፣ ጆሮው ወጣ ወጣ ያለ፣ ገፋ ገፋ አድርጋ አስገባችና በሩን ዘጋችው። ተዘጋ። ጋሽ ከበበው ቆሞ ያያል። ከዚያ በሩ በድስቱ ጆሮ ተገፍቶ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ጣት ታህል ከፈት አለ።

ታዲያ ከዚያ በፊት ለምን አላየውም? ጫልቱ ጨዋ ሰው ናት። ባለሙያ ይመጣል በተባለ ቁጥር ቀድማ ፍሪጇን ባዶ አድርጋ፣ ወልውላ ነበር የምታቀርብለት። እሱም ንጹህ ፍሪጅ ያያል፣ ያክማል፣ ይሄዳል። እሱ ሲሄድ ድስቱ ይመለሳል።

ያን ቀን አርብ ነበር። ከፉሪ ሲመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው አልንቀሳቀስ አለ። መቼም ሲጽፍ አይታችሁታል፤ መጀመሪያ ያንን አንዱ እጀታው በናስትሮ የታሰረ መነጽር ከደረት ኪሱ ያወጣል፣ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፣ ከዚያ በአንድ ጣት፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ ፊደል በፊደል። መካኒሳ እስኪደርስ የድስቱን ነገር ከሥር እስከ ጫፍ ጻፈው። ለራሱ ሊያስቀምጠው ነበር አሳቡ። ጣቱ ተሳሳተና የሥራ ግሩፓችን ላይ ለጠፈው፤ እኔ የደንበኛ አድራሻ የምልክበት ግሩፕ ላይ!

ሁላችንም ደነገጥን። ያ ሰው ይህን ሁሉ ቃል የት አስቀምጦት ኖሯል? መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛን ፍሪጅሽን አታጽጂልኝ፣ እንዳለ አሳዪኝ እላለሁ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ሁንዴሳ ጻፈ፤ «ጋሼ፣ እኔም በቀደም ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሙሉ በሙሉ ፈትቼ ስገጥም ዋልኩ። ለካ ውኃው ነው ከቧንቧው የተዘጋው።» ክብረት ቀጠለ፤ የእሱን አልናገርም፣ ባለቤቱ እዚህ አለች። ከዚያማ ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ለዓመታት በሆዱ የያዘውን ሁሉ አወጣ። ሐጂ ደርሰው «ይህ ግሩፕ ለአድራሻ ብቻ ነው! ደንበኛ ቢያየው ምን ይለናል?» እስኪሉ ድረስ።

ሐጂ ጽሑፉን ከግሩፑ ስላባረሩት ነው እንግዲህ ሁንዴሳ ስልኩን ተቀብሎት ቻናል የከፈተለት። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ የፈለግከውን ጻፍ፣ ማንም አይቆጣህም» አለው። መጀመሪያ አንባቢዎቹ እኛው ነበርን፤ እኛና እትዬ አፀደ። ሐጂ ደንበኛ ይሸሻል ብለው ፈሩ። የሆነውን ግን ስልክ የማነሳው እኔ አውቃለሁ። «ያንን ስህተቱን የሚናገረውን ሰውዬ ላኩልኝ፤ እሱ አይዋሸኝም» የሚሉ ሰዎች መደወል ጀመሩ። አሁን ሐጂን ብትጠይቋቸው ቻናሉ የእሳቸው ሐሳብ ነበር። አልነበረም ሐጂ! አልነበረም።

ለድርጅቱ የጠቀመውን ግን እንተወው። እኔ የማወራው እሱን ራሱን ምን እንዳደረገው ነው፤ ምክንያቱም እሱ ራሱ የረሳው ይመስለኛል።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለመሆኑ ይህ መጻፍ ምን ይጠቅምሃል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ጆሮውን እከክ እከክ አደረገና «ድሮ ሥራ ሳበላሽ በሆዴ ይዤው እከርም ነበር። አሁን እስከ አርብ ብቻ ነው የምሸከመው» አለኝ። ይህን ያህል ረዥም ነገር ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ደግሞ ተማረበት። ድሮ እሱን ማረም ማለት እሳት መንካት ነበር። አንድ ቃል አይመልስም፣ ጆሮው ብቻ ይቀላል። አንድ አርብ ስለ ፍሪጅ በር ጎማ ጻፈ፤ ጎማው ከተጣመመ ጥሎ መቀየር ነው አለ። አንዲት ሴት ከድሬዳዋ «ወንድሜ፣ ከመጣልህ በፊት በሙቅ ውኃ ለስለስ አድርገህ ሞክረው፤ እኛ በዚህ ሙቀት እንዲህ ነው የምንኖረው» ብላ ጻፈችለት። ጠዋት ሲገባ ጆሮውን አየሁት። ቀልቷል! ምንም ሳይናገር ሙቅ ውኃ አፈላ፣ ጥግ ላይ የተጣለ አንድ አሮጌ ጎማ አነሳ፣ ነከረው፣ ጎተት ጎተት አደረገው፣ በሩ ላይ መልሶ ገጠመው። ልክ ሆነ። በሚቀጥለው አርብ የጻፈውን መቼም አልረሳውም፦ «የድሬዳዋዋ እህቴ ልክ ነሽ። እስከ ዛሬ ያለ ጥፋታቸው የጣልኳቸው ጎማዎች ሁሉ ይቅር ይበሉኝ።» ያቺ ሴትና እሱ እስከ ዛሬ የተበላሸ ፍሪጅ ፎቶ ይላላካሉ። እትዬ አፀደም ታውቃለች፣ አትደንግጡ።

ተሳዳቢም አልጠፋም። አንዱ «ሽማግሌ፣ ሂድና ተኛ!» ብሎ ጻፈበት። እኔ ተናደድኩ፣ ሁንዴሳ ሊሰድበው ተነሳ። ጋሽ ከበበው መነጽሩን አወጣ፣ ጠረገ፣ በዚያች በአንድ ጣቱ፦ «አሁን ሥራ ላይ ነኝ። ከምሳ በኋላ እተኛለሁ። ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ።» ልጁ አሁን ከቋሚ አንባቢዎቹ አንዱ ነው። በቀደም እንኳ የእናቱን ፍሪጅ ይዞ መጥቶ ነበር።

በየሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። መካኒሳ አቦ አካባቢ ሲያልፍ «ጋሽ ድስቱ!» የሚሉት አሉ። ይህ ሁሉ ግን ለእኔ ትንሹ ነው። ለእኔ ትልቁ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት በዚህ በር ገብቶ «ሐሚዳ፣ እንዴት አደርሽ? ልጅሽ ጉንፋኑ ተሻለው?» ያለኝ ቀን ነው። ስልኩን ከእጄ ልጥለው ነበር። ቃል ለቃል ይኼው ነው ያለኝ። ለካ ሰው በጣቱ ሲለምድ ምላሱም ይፈታል።

እትዬ አፀደ፣ የጥርሱን ነገር ልናገረው? ፈቅደሽልኛል አይደል? እሺ።

አንድ አርብ ቻናሉ ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ «የዛሬው የፍሪጅ አይደለም። ባለቤቴ ጥርሴን አመመኝ ስትለኝ ሰነበተች። ደንበኛ ቤት ስሄድ፣ ድምፁ ከየት ነው የሚመጣው፣ መቼ ጀመረው፣ ሲያድር ይብሳል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ቤቴ ግን አልጠየቅኩም። ስህተት ነው።» ይህን ሲለጥፍ እትዬ አፀደ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እዚያው ሶፋ ላይ፣ አጠገቡ ነበረች። የነገረችኝን ነው የምነግራችሁ፤ «ስልኬ ጮኸ፣ ከፍቼ አነበብኩት፣ ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ። ትንሽ ቆይቶ፣ ሳያየኝ፣ የትኛው ጥርስሽ ነው? አለኝ።» ይህን ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር። «ሐሚዳ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው እንዳገባሁ እኮ አላውቅም ነበር» አለችኝ።

አሁን የራሴን ልናገር፤ ከዚያ ወደ ለስላሳው እንሄዳለን።

አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ቡታጅራ ሆኖ በየጠዋቱ በዚህ በቢሮው ስልክ ነበር የሚደውልልኝ። የሞባይሌ ቁጥር ነበረው፤ አይ፣ «ሥራ ገበታሽ ላይ መሆንሽን የማውቀው በዚህ ነው» ይላል። ሲሞት ቀብሬ፣ ለቅሶ ተቀምጬ ተመለስኩ። ሥራዬን ቀጠልኩ። ለማንም ያልነገርኩት ግን ጠዋት ያ ስልክ ሲጮኽ እጄ አልንቀሳቀስ ይላል። ስልክ ማንሳት ሥራዋ የሆነች ሴት ስልክ ፈራች እንዴት ይባላል? ለማን ይነገራል? ዝም አልኩ። ሁላችሁም ደህና ናት አላችሁ፤ አልፈርድባችሁም፣ ደህና መስያለሁ።

ጋሽ ከበበው አንድ ቀን ቦርሳውን ይዞ ሊወጣ ሲል ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ስልኩ ይጮኻል፣ እኔ አላነሳሁትም። እሱም ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። «መቼ ጀመረው?» አለኝ። ልክ ፍሪጅ እንደሚጠይቅ። እንባዬ መጣ። ነገርኩት። አላጽናናኝም፣ አይዞሽም አላለኝም። «ጻፊው» አለኝ። «ለማንም አታሳዪ። ከፈለግሽ በኋላ ታሳያለሽ።»

ጻፍኩት። በምሳ ሰዓት፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ። ስጽፈው ነው የገባኝ፣ ስልኩን አልነበረም የፈራሁት። ሳነሳው ሌላ ሰው ሲሆንብኝ፣ አባቴ አለመሆኑን በየጠዋቱ እንደ አዲስ መስማቱን ነው የፈራሁት። ይህን በሆዴ ሳብሰለስል አላወቅኩትም፤ ወረቀት… ማለቴ ስልክ ላይ ሳሰፍረው ነው የታየኝ። ለጋሽ ከበበው አሳየሁት። አንብቦ «አርብ ልለጥፈው?» አለ። ፈራሁ። «ሰው ምን ይለኛል?» አልኩ። «እንዳለ አሳዪያቸው» አለኝ።

ተለጠፈ። አንዷ ከወልቂጤ «የእናቴን ቁጥር እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም» ብላ ጻፈች። አንዱ የታላቅ ወንድሙን የድምፅ መልእክት እየደጋገመ እንደሚሰማ ጻፈ። የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ባገኛቸው አላውቃቸውም። ግን በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ሲጮኽ አነሳሁት። እኔ ብቻዬን አለመሆኔን ያወቅኩት በአንተ ነው ጋሼ። አመስግኜህ አላውቅም። ዛሬ በሰው ፊት አመሰግንሃለሁ።

እንግዳ ሲመጣ ፍሪጃችንን አጽድተን የምናቀርብ ሰዎች ነን ሁላችንም። ተምረናል፣ ጨዋነት ነው፣ ክፋት የለውም። አንተ ግን ከፍተህ፣ እንዳለ፣ ከነድስቱ አሳየኸን። ያን ጊዜ ነው እኛም የራሳችንን የከፈትነው። እዚህ ቤት ውስጥ ድሮ ሰው ዕቃ ሲያበላሽ ይደብቅ ነበር፤ አሁን ግን ደውሎ «ጋሼ፣ እንዲህ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?» ይላል። ይህን ትምህርት ቤት አላስተማረንም።

እሺ። አሁን ክርክሬ። «ካቻቢቴ ካላነሳሁ አልሳሳትም» ብለሃል። ጋሼ፣ ስትጽፈው ራስህ አላሳቀህም? እትዬ አፀደ፣ ሰኞ ዕለት የዕረፍት ቀኑን ወስዶ ቤት ሲውል ምን አደረገ? አዎ፣ ንገሪያቸው፣ ጮክ በይ። ማዕድ ቤቱን ላስተካክል ብሎ ጨውና ስኳሩን በአዲስ ዕቃ ገለበጠ፤ አንድ ዓይነት ዕቃ! ማታ እንግዳ መጥቶ ጨው ያለው ሻይ ጠጣ። ጡረታ ማለት ስህተት የሚያልቅበት መስሎሃል፤ ገና መጀመሩ ነው እንጂ! ገና ከጎረቤት ጋር ትሳሳታለህ፣ ከልጅ ልጅ ጋር ትሳሳታለህ፣ ከራስህ ጋር ቤት ውስጥ ስትፋጠጥ የምትሳሳተው ብዙ አለ። ስድሳ ዓመት የሞላው ሁሉ እንደ አንተ ዝም ብሎ ቤቱ ይገባል። ከሚያነብህ ሰው መካከል ከአንተ ቀድሞ የገባ፣ ነገ የሚገባ ስንቱ አለ! ለእነሱ ማን ይጻፍላቸው?

አላመንክም። ፊትህን አያለሁ። እንግዲያውስ ማስረጃ አለኝ። አሁን ሁላችሁም ፊታችሁ ያለውን ጠርሙስ ንኩት።

ንኩት፣ ንኩት። ሐጂ፣ እርስዎም።

ሞቅ ያለ ነው አይደል?

ዛሬ ጠዋት ለስላሳው ሲመጣ ጋሽ ከበበው ሳጥኑን ከእጄ ነጠቀኝ። «ማንም እንዳይነካ፤ መጠጥ ማቀዝቀዝ የእኔ ሥራ ነው» አለ። ዎርክሾፑ ውስጥ ሁለት ነጭ ፍሪጅ ጎን ለጎን አለ። አንዱ የእኛው ነው። አንዱ የአንዲት የጎፋ ደንበኛ ነው፤ ኮምፕረሰር ይጠብቃል፣ ገመዱ ተጠቅልሎ አናቱ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ከበበው፣ የነፋስ ስልክ ላፍቶ ፍሪጅ ሁሉ ሐኪም፣ የራሱን መሸኛ መጠጥ በሙሉ፣ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ ደርድሮ የሞተው ፍሪጅ ውስጥ ከተተው! በሩን ዘጋው፣ መታ መታ አደረገው፣ ሄደ። ሁንዴሳ አይቶ «ልንገረው እንዴ?» አለኝ። «ዝም በል! ይህ ዕቃ ለማታ ያስፈልገኛል» አልኩት።

ስትከፍተው እንኳ የውስጡ መብራት እንዳልበራ አላየህም ጋሼ። ለምን እንዳላየህ ግን እኔ አይቻለሁ። በሩን ከዘጋህ በኋላ እጅህን ፍሪጁ ላይ እንዳደረግህ ቆመህ ነበር። ዎርክሾፑን ዞር ብለህ ስታይ ዓይንህን እንባ ሞልቶት ነበር። የመሣሪያ መስቀያውን አየህ፣ ያንን ጥግ ላይ ያለውን የአንተን በርጩማ አየህ። መብራት እንዴት ይታይህ? እኔም ያን ጊዜ ነው ጥርሴን ነክሼ ወደ ጠረጴዛዬ የተመለስኩት። እንዲህ ዓይነቱን ስህተት ሳትጽፍ ቻናል ትዘጋለህ? በምን ዓይነት ሕግ?

«እህ» አትበለኝ! ሰማችሁት? አሁንም እህ አለ። እህ አይደለም ጋሼ፣ ጻፈው።

በሉ ተነሱ ሁላችሁም። ሞቅ ያለውን ሚሪንዳችሁን አንሱ። ከእኛ ሲለይ ጉልበቱ አይክዳው፣ ዓይኑ አይፍዘዝበት። አሜን በሉ እንጂ! እትዬ አፀደ፣ ከጎኑ ሆነሽ ተርጉሚለት፣ ተርጓሚነቱን አስረክቤሻለሁ። ቤታችሁ ከወሬ አይጉደል። በየአርቡ ስልካችን ሲጮኽ አንተ ሁን። የምትሳሳተው ቀላል ቀላሉን ይሁን፤ ሰው የማይጎዳ፣ የሚያስቅ፣ ከምሳ በፊት የሚስተካከል። እንዳትጠፋብን ጋሼ። እንወድሃለን።

ለጋሽ ከበበው!

ቆይ፣ ቆይ። እትዬ አፀደ፣ እጁን ተመልከቺው። ወደ ደረት ኪሱ ገባ። መነጽሩን አወጣ። አዎ፣ ያንኑ በናስትሮ የታሰረውን። በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገው ነው።

ጠጡ እንግዲህ፣ ግን ድምፃችሁን ቀንሱ። ሰውየው እየጻፈ ነው።